ሙሽሪት አትቃኝም፦ የኃይሉ መርጊያን «ላላ በሉ» ደግመን ስንሰማ

ሀ፦ እሺ፣ የዛሬው ርዕሳችን አንድ አልበም ነው። «ላላ በሉ»፣ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2018። ስድስት ሥራ ብቻ ነው ያለው።

ለ፦ ስድስት ነው፤ አንተ ግን አንዱንም ሳትነካ ሰዓታችን ያልቃል።

ሀ፦ ኧረ አያልቅም! ግን መጀመሪያ «ሸሞንሟናዬ»ን ሳናነሳ...

ለ፦ ይኸው፣ ጀመረ።

ሀ፦ የግድ ነዋ! ጋሽ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለሥራ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባለውን ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ 7 የሚባሉትን ሲንተሳይዘሮች እና ድራም ማሽን ብቻቸውን እየደራረቡ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠሩ። ባንድ የለም። ዛሬ ላፕቶፕ ይዞ ክፍሉን ዘግቶ የሚሠራው ልጅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ለ፦ ልጁ ግን አኮርዲዮን የለውም።

ሀ፦ ለዚህ ነው የሚቀለው! አኮርዲዮን እኮ አይቃኝም። ማለቴ ይቃኛል፤ ግን ከፍተሽ የብረት ምላሶቹን አንድ በአንድ መፋቅ አለብሽ። ጫፉን ስትፍቂው ድምፁ ይወጣል፣ ሥሩን ስትፍቂው ይወርዳል። አንዴ ከፋቅሽው ደግሞ ብረቱ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ በቀረጻ ቀን አኮርዲዮን ሙሽራ ናት፤ እሷ አትነካም፣ የሚስተካከለው ሚዜው ነው።

ለ፦ ሚዜው ማነው? ዲኤክስ 7?

ሀ፦ አዎ፣ እሱ ታዛዥ ነው። መቃኛው አለ፣ ገፋ ታደርጊዋለሽ፣ አለቀ። ሙጉም እሺ ይላል፤ እሱን ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አብርተሽ አሙቂው፣ አለበለዚያ ዘፈኑ መሃል ላይ ይሸሽብሻል። ጉዱ ሮድስ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቀጭን ብረት አለው፤ ብረቱ ላይ ትንሽ ጥምዝ ሽቦ አለች። ሽቦዋን ወደ ጫፍ ስትገፊያት ድምፁ ይወርዳል፣ ወደ ሥር ስትስቢያት ይወጣል። 73 ቁልፍ ካለው 73 ጊዜ!

ለ፦ አንድ ሰርግ፣ ሁለት ሙሽራ።

ሀ፦ በቃ እሱ ነው! ሁለቱም «እኔ አልንቀሳቀስም» ይላሉ። በቴፕ ሲቀረጽ መላው ምንድን ነው? ቴፑን ነው የምታንቀሳቅሺው። የአኮርዲዮኑ ኤ ኖታ 442 ኸርዝ ላይ ነው እንበል፣ የሌላው በሙሉ 440። ልዩነቱ 8 ሴንት ገደማ ነው፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ስለሆነ የግማሽ ድምፅ አንድ አስራ ሁለተኛ እንኳ አይሞላም። የተቀዳው ሁሉ 0.45 በመቶ ፈጠን ብሎ እየተጫወተ አኮርዲዮኑን በላዩ ትቀጂያለሽ። ከዚያ ቴፑን ወደ ፍጥነቱ ስትመልሺው ሁሉም 440 ላይ ይቀመጣል።

ለ፦ ጋሽ ኃይሉ እንዲህ አደረጉ እያልክ ነው?

ሀ፦ አላልኩም። ይህን ዓይነት ሥራ የሚጀምር ሰው ይህን ይወቅ ነው የምለው። 8 ሴንት ምን ያደርጋል የሚል አለ። ቅኝቱ ላይ ነው የሚታየው። አንቺሆዬን ከሲ ብትነሺ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ኖታዎቹ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ እዚያ ላይ ትንሽ ከሳተ ጆሮ ይቧጥጣል። ትዝታ ሰፊ ስለሆነ ይቅር ይላል፣ አንቺሆዬ አይምርም።

ለ፦ አኮርዲዮኑ ሲለካም ችግር አለው አይደል? መቃኛው መርፌ አይቆምም።

ሀ፦ ጥሩ አነሳሽው! ለአንድ ኖታ ሁለት ሦስት ምላስ አብሮ ይነፋል፤ ሆን ተብሎ ትንሽ ተለያይተው ነው የተቃኙት፣ ያ መርገብገብ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ስትለኪ አንድ ምላስ ብቻ የሚያስነፋውን መምረጫ ተጫኚ። ወናፉንም በመካከለኛ ኃይል ሳቢው። አጥብቀሽ ከገፋሽው በተለይ ወፍራሞቹ ድምፆች ይወርዳሉ፣ የተሳሳተ ቁጥር ይዘሽ ሌላውን ሁሉ ትቃኚያለሽ።

ለ፦ ሙሽሪት ስትቆጣ ድምጿ ይወፍራል።

ሀ፦ (ሳቅ) ይህን ቲሸርት ላይ እናስጽፈዋለን።

ለ፦ እሺ፣ ድራም ማሽኑስ? እኔን ሁሌም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ችክችካ በማሽን ሲሠራ የታመመ በቅሎ ይመስላል።

ሀ፦ ችክችካ እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍላል፤ ሰዎች ግን ማሽኑን ምት ለአራት በሚከፍለው 16 ደረጃው ላይ ትተውት ስዊንግ ስለሚጨምሩበት ነው! ስዊንግ ረጅም–አጭር ያደርግልሻል፤ ግን ከሦስቷ መሃል ያለችው ቦታ ትጠፋለች። ከበሮው የሚጫወተው ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ወደ 12 ደረጃ ቀይሪው። ወፍራሙ ምት 1 እና 7 ላይ። ቀጭኑ 1፣ 3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 9፣ 10፣ 12። አሁን 2፣ 5፣ 8 እና 11 ባዶ ናቸው፤ ድምፁን ዝቅ አድርገሽ አልፎ አልፎ አንዷን መታ ማድረግ ነው። ሁሉንም ከሞላሻቸው የልብስ ስፌት መኪና ይሆናል።

ለ፦ ወደ አልበሙ።

ሀ፦ የትኛው?

ለ፦ «ላላ በሉ»! ርዕሳችን!

ሀ፦ አዎ፣ አዎ። የ«ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት ብሪያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር አገኘው፤ በ2013 በራሱ አሳታሚ ድርጅት፣ በ«አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ»፣ እንደገና ታተመ። ጋሽ ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ አልበም መጣ። ተመልሰው መጡ የተባለው ለዚህ ነው።

ለ፦ እኔ «ተመለሱ» የሚለው አይዋጥልኝም። የዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ እስኪደርሳቸው ድረስ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያልሄደ ሰው ከየት ይመለሳል?

ሀ፦ ከገበያው ሄደው ነበራ።

ለ፦ ገበያው ነው የሄደው።

ሀ፦ ይሁንልሽ፣ ግማሹን ተቀበልኩ። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ድራም ማሽኑ የለም! ቶኒ ባክ ነው ከበሮ ላይ፣ የ«ዘ ኔክስ» ባንዱ፤ ማይክ ማይኮውስኪ ቤዝ ላይ። ድንቅ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ያ የማይተነፍስ ማሽን ላይ አኮርዲዮኑ ብቻውን ሲተነፍስ ነው የምወደው።

ለ፦ መክፈቻውን «ትዝታ» እስኪ ስማው። አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። አኮርዲዮኑ ቀስ ብሎ ብቻውን ይጀምራል፣ ከበሮው ዙሪያውን ይሄዳል እንጂ አይጫነውም፤ ከዚያ ሁሉም አብሮ ይነሳል። ማሽን ያንን መነሳት አይሠራም። ቆጥሮ ይጀምራል፣ ቆጥሮ ይጨርሳል።

ሀ፦ ፍጥነቱን በእጅ እየገፋሽ...

ለ፦ በእጅ ከገፋኸው ከበሮ መቺ ሆንክ!

ሀ፦ (ሳቅ) ይሄ ልክ ነው። ግን «ሸሞንሟናዬ» ላይ...

ለ፦ አልተመለስንበትም። የመጨረሻውን ሥራ በለኝ፣ «የፍቅር እንጉርጉሮ»ን። ፒያኖ ብቻ ነው፤ ድራምም የለ፣ ቤዝም የለ።

ሀ፦ አኮርዲዮንም የለ።

ለ፦ ሙሽሪት ሄደች ማለት ነው?

ሀ፦ መልስ ላይ ናት።