ጥቁሩ ቅብ

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅብ ነው።

እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ይበር የነበረው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር፣ የስፔስ ሻትል፣ ሆዱ ጥቁር ነበር። ያ ጥቁር ነገር ሙቀት የሚከለክል የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። የሚከለክለው ግን ከቅቡ ሥር ያለው ታይል (አካሉን የሚያለብሰው ጡብ መሰል ንጣፍ) ነው፤ ከሲሊካ፣ ማለትም የመስታወት ዋና ጥሬ ዕቃ ከሆነው ነገር፣ ቃጫ ተሠርቶ ከ90 በመቶ በላዩ አየር የሆነ፣ አንድ ሜትር ኩቡ 144 ኪሎ ብቻ የሚመዝን። ቅቡ ደግሞ ያገኘውን ሙቀት በጨረር መልሶ ወደ ውጭ ይተፋል። ላዩ 1260 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ ከታች ያለው የአሉሚኒየም አካል ከ177 ማለፍ የለበትም።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ቦሮሲሊኬት መስታወት (ቦሮን ያለበት፣ ሙቀት የሚችል መስታወት) ይላማል፤ 2.5 በመቶ ያህል ሲሊኮን ቴትራቦራይድ፣ የሲሊኮንና የቦሮን ውህድ፣ ይገባበታል። ጥቁረቱም ጨረር የመልቀቅ አቅሙም የሚመጣው ከዚህችው ትንሽ ነገር ነው። ከዚያ በኤታኖል ተበጥብጦ ታይሉ ላይ ይረጫል፣ ይደርቃል፣ ከ1200 ዲግሪ በላይ በጋለ እቶን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይተኮሳል።

ጣጣው የሚመጣው ሲቀዘቅዝ ነው። ሲሊካ በሙቀት ብዙም አይሰፋም። ቅቡ ከሱ አብልጦ የሚሰፋ ከሆነ፣ ሲቀዘቅዝም አብልጦ ይኮማተራል፤ ታይሉ ግን አብሮት አይሄድም። መስታወት ቢጨመቅ ይችላል፤ ሲወጠር ግን ይሰነጠቃል። በእኔ ግምት የቀማሚው ችሎታ የሚለካው እዚህ ላይ ነው፤ ሙቀት የሚችል መስታወት ማግኘቱ ያን ያህል አይከብድም።

ሁለተኛው ጠላት ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። ጨው ቃጫው ውስጥ ከገባ፣ ሲሊካው በከፍተኛ ሙቀት ቶሎ ክሪስቶባላይት ወደሚባል የሲሊካ ክሪስታል ይለወጣል። ክሪስቶባላይት ሲቀዘቅዝ፣ ከ300 ዲግሪ በታች በድንገት መጠኑ ይቀንስና ታይሉን ይሰነጥቀዋል። ታይል ሠሪዎቹ ስለ ጥሬ ዕቃው ንጽህና አጥብቀው ይጨነቁ የነበረው ለዚህ ነው።

ደግሞ ቅቡ ስድስቱንም ፊት አይሸፍንም፤ አምስቱን ብቻ። የታችኛው ፊት ክፍት ይተዋል፤ መንኮራኩሩ ሽቅብ ሲወጣ የውጭው ግፊት ስለሚወርድ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋላ! አየር የሚያስወጣ ደግሞ ውሃ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሎምቢያ የተባለችው ሻትል ለአራተኛ በረራዋ ስትዘጋጅ በረዶና ዝናብ መታት፤ ምህዋር ላይ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ የጠጣችውን ውሃ ማትነን ነበረባት። ውሃ እንዳይሰርግ የሚደረገው ኬሚካል ደግሞ ሻትሉ ወደ ምድር ሲመለስ በሚፈጠረው ሙቀት ይቃጠል ነበር። ስለዚህ ከየበረራው በኋላ ታይሎቹ በየቀዳዳቸው አንድ በአንድ ያንኑ ኬሚካል እንደገና ይወጉ ነበር፤ ከ20,000 በላይ ነበሩ።