«ካደ» ከማለታችን በፊት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ በስልክ የመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሚዞሩት «ካደ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በአማርኛ መምህርነቴ ይህን ቃል ሳልጠየቅ የዋልኩበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

ከአዳማ፦ «ካደ» እና «ከዳ» አንድ ናቸው?
አይደሉም። አንዱ «ክዶ» ነው፣ ሌላው «ከድቶ»። ጉልበት ይከዳል እንጂ አይክድም።

ከሐዋሳ፣ ተማሪ፦ «ክህደት» ላይ ያለው «ህ» ከየት መጣ?
ከየትም አልመጣም ልጄ፣ «ካደ» ላይ ነው የጠፋው። ግዕዙ «ክሕደ» ነው። አማርኛ ግሱ ላይ «ሕ»ን ዋጠው። «ክሕደት» እና «ከሓዲ» ግን ይዘውት ቀሩ። «ሳለ» ብለን «ሥዕል»፣ «ሠዓሊ» እንደምንለው ማለት ነው። በዕብራይስጥ ያለው የዚህ ቃል ዘመድ ትርጉሙ «ሸሸገ» ነው። ይህቺን ያዙልኝ። የሚክድ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚሸሽገው።

ከደብረ ማርቆስ፣ እናት፦ «ሽምጥጥ አድርጎ ካደ» ለምን ይባላል?
ጌሾ ሸምጥጠው ያውቃሉ አይደል፣ እማማ? ዘንጉን በአንድ እጅዎ ይይዙና በሌላው ከላይ እስከ ታች ይስባሉ። አንድ ቅጠል አይቀርም። እንዲያ ነው።

ከጎንደር፦ መካድ ሁልጊዜ ክፉ ነው?
አይደለም። ክርስትና ሲነሳ ፊት ወደ ምዕራብ ዞሮ «እክሕደከ ሰይጣን» ይባላል።

ከአዲስ አበባ፣ ጀማሪ ጋዜጠኛ፦ «ተጠርጣሪው ክሱን ካደ» ብዬ ብጽፍ ስሕተት ነው?
ነው። በጣም! «ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» የተባለው ጴጥሮስ ጌታን ያውቀው ነበር። ስለዚህ ካደ እንላለን። አንተ ግን ሰውዬው ማድረጉን በምን አወቅህ? «አስተባበለ» በል። «ብል ማበል አይሆንብኝም» እንል የለ? ማበል መዋሸት ነው፣ «አስተባበለ»ም የወጣው ከዚያው ግስ ነው። ያስተባበለ ሰው የተባለውን «ውሸት ነው» አለ፣ በቃ። ማን እንደዋሸ ገና አልታወቀም።

ፍርድ ቤት «የእምነት ክህደት ቃል» ይላል፣ «ክዶ ተከራከረ»ም ይላል፤ አውቃለሁ። እዚያ የሥራ ቃል ነው፣ ማንንም አይወቅስም። አርዕስት ላይ ሲወጣ ግን አንባቢው የሚሰማው «ሠርቶ ዋሸ» ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይላል። አንተ በአንድ ግስ ፈረድህበት።

«ከሃዲ»ማ ይብሳል። ዛሬ ቲክቶክ ላይ በሐሳብ የተለየ ሁሉ ከሃዲ ነው። ምኑን አውቆ ሸሸገ? ይህ ቃል አብሮ ቡና የሚጠጣን ጎረቤት ያለያያል። ልጁ ትምህርት ቤት «የከሃዲ ልጅ» ይባላል። እባካችሁ ልጆቼ፣ ከመጻፋችሁ በፊት እጃችሁን ያዝ አድርጉ።

ከመቀሌ፦ ባለቤቴ ስኳር አለብህ ቢባል አላምንም አለ። ካደ ልበል?
አይበሉ። እያወቀ አልሸሸገም፣ ልቡ እሺ አላለውም። «አልተቀበለም» ይበሉ። ቃሉ ይቆይና ባለቤትዎን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ።

ከደሴ፦ ያበደርኩትን 20 ሺህ ብር አልወሰድኩም አለኝ። ካደኝ ማለት እችላለሁ?
እርስዎ ይችላሉ፣ በእጅዎ ቆጥረው ሰጥተዋላ! ማመልከቻውን ግን ጠበቃ ይይልዎት።