የላኮታ ልጆችና የእኛ ጉርብትና

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፦

እዚህ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ ከተማ ትዳር መሥርተን፣ ልጆች ወልደን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቁጥራችን ጥቂት አይደለም። ይሁንና ከከተማችን ወደ ምዕራብ ለግማሽ ቀን ያህል ብንነዳ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ለሆነው ለላኮታ ሕዝብ ከተከለለው፣ ሮዝበድ ከተባለው ሪዘርቬሽን እንደምንደርስ ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ እነዚህ ጎረቤቶቻችን ልጆች ለመናገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1879 በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከባህላቸው ለማላቀቅ የታሰበው የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ መጀመሪያ ከተወሰዱት ሕፃናት መካከል የሮዝበድና የጎረቤቱ የላኮታ ሪዘርቬሽን የፓይን ሪጅ ልጆች ነበሩበት። ፀጉራቸው ተቆረጠ፤ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከለከሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ኋላ ሉተር ስታንዲንግ ቤር በሚል ስም ደራሲ ለመሆን የበቃው ልጅ፣ ፊደል ሳይለይ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ከተጻፉት ስሞች አንዱን በዘንግ እንዲጠቁም ታዘዘ፤ የጠቆመውም ስም በጨርቅ ላይ ተጽፎ ከሸሚዙ ጀርባ ተሰፋለት። እንዲህ ያለው አስተዳደግ ለትውልዶች በመቀጠሉ፣ ስለ ቋንቋቸው የተቀጡ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ያን ቅጣት እንዳያዩ ሲሉ ላኮታን በቤታቸው መናገር ተዉ። ዛሬ አቀላጥፈው የሚናገሩት በአብዛኛው አረጋውያን የሆኑት ከዚህ የተነሣ ነውና፣ ቋንቋው የተዳከመው በወጣቶቹ ቸልተኝነት ነው የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትቀበሉት።

ወጣቶቹማ ያደረጉትን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2015 የሮዝበድ የወጣቶች ምክር ቤት አባላት ከዋሽንግተን ሲመለሱ በካርላይል አልፈው፣ እዚያ የቀሩትን የሕዝባቸውን ሕፃናት መቃብር አዩ፤ አጽማቸው ወደ አገራቸው እንዲመለስም መጠየቅ ጀመሩ። ጥያቄውን ለዓመታት ሳይተዉት ቆይተው፣ በ2021 የበጋ ወራት የዘጠኝ ልጆች አጽም ወደ ሮዝበድ ተመልሶ በወገኖቹ እጅ ተቀበረ። ይህን የጀመሩት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩ ልጆች መሆናቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በዚያው በሮዝበድ እ.ኤ.አ. በ2020 ሕፃናት በላኮታ ቋንቋ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፍቷል። የእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ትልቁ ችግር መምህር ማግኘት ነው፤ ቋንቋውን ጠንቅቀው የሚያውቁት አረጋውያን ብዙውን ጊዜ የመምህርነት ሥልጠና የላቸውም፣ የሠለጠኑት ወጣቶች ደግሞ ቋንቋውን ገና ራሳቸው እየተማሩ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ በአንድ ክፍል አብረው መዋል አለባቸው፤ ለዚያ ጊዜያቸውም ሊከፈላቸው ይገባል። መጻሕፍትና የስልክ መተግበሪያዎች ይጠቅማሉ፤ እኔ ግን ገንዘብ ከተገኘ አስቀድሞ ለእነዚህ ሰዎች ደመወዝ ቢውል እመርጣለሁ።

ወጣቶችን በምክር ስለ መደገፍም አንድ ነገር ልጨምር። በላኮታ ዘንድ የአባት ወንድም አባት፣ የእናት እህትም እናት ናቸው፤ ቲዮሽፓዬ የሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ልጁን በጋራ ያሳድገዋል። ከውጭ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ በወር አንድ ቀን ብቅ ብሎ ያንን ቦታ ሊተካ አይችልም። የእኛ ድርሻ አጎቶቹና አክስቶቹ ፈረስ ግልቢያውን፣ ከበሮውንና ሥርዓቱን ለማስተማር የሚያስፈልጋቸውን ጠይቀን በዚያው ልክ መርዳት ነው።

ሆኖም እዚሁ ከተማችን በቀጥታ ልንሠራው የምንችለው አለ። ከሪዘርቬሽኑ ለትምህርትና ለሥራ የሚመጡ ወጣቶች እንደ እኛው የመጀመሪያ ዓመታት ዘመድ የሌለበት ከተማ ውስጥ ይገባሉ። በሆስፒታል የምትሠሩ ነርሶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ የራሳችሁ ድርጅት ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ ወጣት ከጎናችሁ ሆኖ ሥራችሁን እንዲለምድ በራችሁን ክፈቱ።

ዛሬ ማታ የሚሰበሰበው መዋጮ፣ የሮዝበድ ሰዎች ራሳቸው በሚመርጡት መንገድ፣ ለቋንቋ መምህራንና አብረዋቸው ለሚሠለጥኑ ወጣቶች ክፍያ እንዲውል ሐሳብ አቀርባለሁ። ወጣት ለመቀበል ፈቃደኛ የሆናችሁም ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁንና ሙያችሁን በር ላይ ላሉት አስተባባሪዎች እንድታስመዘግቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።