ችሎቱን ራሱን አሳዩን
(በፊልም ማኅበራችን የምሽት ዝግጅት፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት የተደረገ ንግግር)

ውድ የማኅበራችን አባላትና እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የምናየው የችሎት ድራማ ነው። ጉዳዩ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ መብት ነው። ኮሚቴው አጭር መግቢያ እንዳቀርብ ጠይቆኛል፤ አቀርባለሁ። ነገር ግን ይዤው የመጣሁት ሌላ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

የእንዲህ ያለውን ፊልም አካሄድ ታውቁታላችሁ። ስንቱን አብረን አይተናል! ጠበቃው ከወንበሩ ይነሳል። ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይገባል። የመዝጊያ ንግግሩን ያሰማል። አዳራሹ ያለቅሳል፤ እኛም እናለቅሳለን። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለውን አይተን ስንወጣ በር ላይ ቆመን የተከራከርነውን አትረሱትም። አንድ ታላቅ ወንድማችን «እውነተኛ ችሎት እኮ አሰልቺ ነው፤ ፊልም ካልቀባባው ማን ያየዋል?» አሉ። ያን ቀን መሽቶብን ተለያየን። ዛሬ ልመልስላቸው።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። በኖቬምበር 2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፕሮፖዚሽን 8 የተባለ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ከመራጩ 52 በመቶ ያህሉ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ብቻ ይሁን አለ። ሁለት ጥንዶች ክስ መሠረቱ። ክሪስቲን ፔሪና ሳንድራ ስቲየር አንድ ናቸው፤ ፖል ካታሚና ጄፍ ዛሪሎ ደግሞ ሌላ። ጠበቆቻቸው ቴድ ኦልሰንና ዴቪድ ቦይስ ነበሩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ2000 ቡሽና ጎር በፕሬዚዳንት ምርጫው ፍርድ ቤት ሲሟገቱ በተቃራኒ ወገን ቆመው ነበር። አሁን ጎን ለጎን ተቀመጡ። ይህን አንድ ደራሲ ፈጥሮ ቢያመጣው ኖሮ «ኧረ በዛ!» እንለው ነበር።

በጃንዋሪ 2010 ክርክሩ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በፌደራሉ ዳኛ ቮን ዎከር ፊት ተጀመረ። ዳኛው ችሎቱ በካሜራ ተቀርጾ ለሕዝብ እንዲታይ ፈልገው ነበር። የሕዝበ ውሳኔው አራማጆች ግን ተቃወሙ። ምስክሮቻችን ይዋከቡብናል አሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሥርጭቱን አገደ። ቀረጻው ለዳኛው ሥራ ብቻ ቀጠለ። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ቴፑ ታሸገ።

እስቲ ምን እንደታሸገ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ክሪስቲን ፔሪ ምስክር ወንበር ላይ ወጣች። እሷና ሳንድራ በ2004 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተጋብተው ነበር። ከወራት በኋላ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያ ጊዜ የተፈጸሙትን ጋብቻዎች በሙሉ ሰረዛቸው። ጋብቻችሁ ዋጋ የለውም የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። አስቡት እስቲ! ድግሱ አልፏል፣ ዘመድ ወዳጅ መርቋል፣ ልጆች ቤት ውስጥ አሉ፤ ከዚያ ፖስታ ይመጣል። ይህችን ሴት ስትናገር ለማየት ሙዚቃ ያስፈልገናል?

ቀጥሎ ሌላኛውን ወገን ተመልከቱ። የሕዝበ ውሳኔው አራማጆች ያቀረቧቸው ምስክሮች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ዴቪድ ብላንከንሆርን ነበር። ስለ ጋብቻ መጽሐፍ የጻፈ፣ አቋሙን በአደባባይ የሚናገር ሰው ነው። ቦይስ በመስቀለኛ ጥያቄ ያዘው። አዎ ወይም አይደለም በል አለው። ሰውየው ማብራራት ፈለገ፤ ቦይስ አልለቀቀውም። እንዲህ እየተጓተቱ ቆዩ። በመጨረሻ ብላንከንሆርን አንድ ትልቅ ነገር አመነ። እነዚህ ሰዎች መጋባት ቢችሉ ለእነሱም ሆነ ለሚያሳድጓቸው ልጆች ኑሮ ሳይሻል አይቀርም አለ። ይህን ያለው የተቃዋሚዎቹ ምስክር ነው! በ2012 ደግሞ አቋሙን መቀየሩን በጋዜጣ ጽፎ አሳወቀ። አንድ ሰው በመሐላ ተይዞ፣ ከገዛ መጽሐፉ ጋር ሲፋጠጥ ማየት አሰልቺ ነው የሚለኝ ካለ እጁን ያውጣ።

ችሎቱ ከመከፈቱ በፊት፣ በ2009 የሆነውም አለ። ዳኛ ዎከር የአራማጆቹን ጠበቃ ቻርልስ ኩፐርን ጠየቁት። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ቢፈቀድ የወንድና የሴቱን ጋብቻ በምን ይጎዳዋል? የኩፐር መልስ «አላውቅም» የሚል ነበር።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። ከችሎቱ የተጻፈ ቃል ተነስቶ አንድ ተውኔት ተሠራ። በማርች 2012 ሎስ አንጀለስ ላይ ታየ፤ በዩቲዩብም በቀጥታ ተላለፈ። ብራድ ፒት ዳኛውን ሆነ። ጆርጅ ክሉኒ ቦይስን፣ ማርቲን ሺን ኦልሰንን ሆኑ። ተዋናዮቹን አከብራቸዋለሁ፤ ባያደርጉት ኖሮ ያንን ያህል እንኳ አናገኝም ነበር። ግን ልብ በሉ። ብራድ ፒት ዳኛ ሲሆን ዓለም አየ። ዳኛው ራሳቸው ሲዳኙ የሚያሳየው ፊልም ካዝና ውስጥ ነበር። ክሪስቲን ፔሪ ስትመሰክር የሚያሳየውም እንዲሁ።

ምስክር ይዋከባል የሚለውን ስጋት አልንቅም። ሰው ለቤተሰቡ ይፈራል። ግን ለአራማጆቹ የመሰከሩት ሁለቱም ሰዎች በስማቸው የሚጽፉ ምሁራን ነበሩ። ደግሞስ ያ ዘመቻ በሹክሹክታ የተካሄደ ነበር እንዴ? በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነው የተካሄደው! የሰው ትዳር በድምፅ ብልጫ ይነጠቅ ብለው ሲቀሰቅሱ ካሜራ አልፈሩም። ካሜራውን የፈሩት በመሐላ ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ነው!

ስንት ዓመት እንደቆየ ታውቃላችሁ? ዳኛ ዎከር በኦገስት 2010 ለከሳሾቹ ፈረዱ። በ2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አራማጆቹ ይግባኝ የማለት መብት የላቸውም አለ፤ የዎከር ፍርድም ጸና፤ ፔሪና ስቲየርም በዚያው ሰሞን ተጋቡ። በ2015 መብቱ በመላው አሜሪካ ጸና። ቴፑ ግን ያኔም እንደታሸገ ነበር። የተለቀቀው በ2022 ነው። ያውም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሙግት ተደርጎበት!

በዚህ ጉዳይ ሁላችንም አንድ ሐሳብ እንደሌለን አውቃለሁ። የእኔን አልደብቅም፤ ፍርዱ ትክክል ነበር። ፍርዱ ስህተት ነው የምትሉም እዚህ አላችሁ፤ ቴፑ የእናንተም ነው። የእናንተ ወገን ምን ብሎ እንደተከራከረ ከጠበቃው አፍ መስማት ነበረባችሁ። ከእኔ ወይም ከሆሊውድ ሳይሆን።

ስለ ዛሬው ፊልም ብዙ አልልም። ትወናው ጥሩ ነው፤ አጀማመሩ ትንሽ ይዘገያል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ጠበቃው ሲናገር ዓይናችሁን ምስክሮቹ ላይ አድርጉ።

ለኮሚቴው ደግሞ ጥያቄ አለኝ። ቴፑ አሁን ተከፍቷል። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ፊልም አናምጣ። የዚያን ችሎት የመጀመሪያ ቀን፣ የአራቱን ከሳሾች ምስክርነት፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እንየው። ከዕረፍት ስንመለስ ሰብሳቢያችን ሐሳቡን ለድምፅ ያቅርቡልኝ።

አመሰግናለሁ።