ገልባጭ መኪና ሲመጣ የት እንቁም?

(ምስል፦ ገልባጭ መኪና በኋላ ማርሽ ወደ አፈር ክምር ሲጠጋ)

ይህን መኪና እዩት። ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከዚያ ላይ ሳይቱን በሙሉ የሚያይ ይመስላል። ግን አያይም። ከካሶኒው (ጭነቱ ከሚጫንበት ሳጥን) ጀርባ የቆመ ሰው አይታየውም። ከመኪናው ፊት ተጠግቶ ያጎነበሰም እንደዚያው። በረዳቱ በኩል ጎኑን ተጠግቶ የሚሄድ ሰውም ከስፖኪዮው ሊሰወር ይችላል።

ስለዚህ ከመጠጋታችሁ በፊት የሹፌሩን ዓይን ፈልጉ። አይቷችሁ በእጁ «እለፉ» እስኪላችሁ ጠብቁ። በስፖኪዮው ውስጥ ፊቱ ካልታያችሁ እሱም አያያችሁም። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሻለሁ ብላችሁ አትዘናጉ። ሰደርያው የሚሠራው ሹፌሩ ሊያይ በሚችልበት ቦታ ስትቆሙ ነው።

(ምስል፦ ምልክት ሰጪ ከመኪናው ጎን ራቅ ብሎ ቆሞ)

መኪናው ወደኋላ ሲመጣ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አንዱ «ና»፣ ሌላው «ቁም» ካለ ሹፌሩ የማንን ይስማ? ሹፌሮች፣ እባካችሁ፣ ምልክት ሰጪው ከስፖኪዮ ከጠፋባችሁ ወዲያው ፍሬን ያዙ። የት እንደገባ አታውቁም።

(ምስል፦ ካሶኒው ሲነሳ)

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። እርጥብ አፈር ካሶኒው ላይ ይጣበቃል። ካሶኒው ሲነሳ ጭነቱ ከላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። መሬቱ ትንሽ ዘመም ካለ ወይም አንዱ ጎማ ከሰመጠ መኪናው በጎኑ ይወድቃል። ሲወድቅ ሮጦ ለማምለጥ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሲገለብጥ ከጎኑ አትቁሙ። የተጣበቀውን በአካፋ ላራግፍለት ብላችሁም አትጠጉ። ሹፌሩም ካሶኒው እንደተነሳ መኪናውን ወደፊት እየነቀነቀ ለማራገፍ አይሞክር።

ቀና ብላችሁ ሽቦም እዩ። ካሶኒው መስመሩን ባይነካም፣ በጣም ከቀረበ ኤሌክትሪኩ ሊዘል ይችላል። ከነካ ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ይቆይ፤ መስመሩ መቋረጡ እስኪረጋገጥ አይውረድ። መሬት ላይ ያላችሁ ራቁ፣ መኪናውን አትንኩ። እሳት ከተነሳና መውጣት ግድ ከሆነ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል። መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ እንዳይነካ። ከዚያ እግሮቹን ሳያለያይ፣ ከመሬት ሳያነሳ፣ ጥቂት በጥቂት እየጎተተ ይራቅ።

ለጥገና ከተነሳ ካሶኒ ሥር መግባትስ? በብረት ድጋፍ ሳይያዝ በፍጹም። የሃይድሮሊኩ ቱቦ ከፈነዳ ካሶኒው ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል።

(ምስል፦ ባዶው መኪና ከሳይቱ ሲወጣ)

ገልብጦ ሲጨርስም ወዲያው አትግቡ። መጀመሪያ ካሶኒው ይውረድ፣ ስፖንዳው (የካሶኒው መዝጊያ) ይዘጋ፣ መኪናው ይለፍ።