የማስነሻ ሥርዓት ክርክራችን፦ ለዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

ከዛሬው አጀንዳ ብዙ ሰዓት የሚወስድብን የማስነሻ ሥርዓት፣ ማለትም የሊኑክስ ኮምፒውተር ሲበራ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሣው ፕሮግራም ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ዛሬ በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች የሚሠራው ማስነሻ፣ ሲስተምዲ፣ ብቅ ካለበት ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ ሙግት በርዶ አያውቅም። መሟገታችን አይከፋም፤ የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድ ስም እየጠራን መሟገታችን ግን ያደክማል።

ማስነሻው ፕሮሰስ ቁጥር 1፣ ማለትም መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም ነው፤ እሱ ከሞተ ከርነሉም (የሥርዓቱ እምብርት) አብሮት ይቆማል። ስለዚህ «ትንሽና ቀላል ይሁን» የሚሉ ወገኖች ስጋት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የድሮው ማስነሻ ሲስቪ ኢኒት በስክሪፕት ያስነሣው ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) በኋላ ቢሞት ዞር ብሎ አያየውም፤ ሲስተምዲ በሲግሩፕ፣ ማለትም ከርነሉ ፕሮሰሶችን በቡድን በሚይዝበት ዘዴ፣ ይከታተለዋል።

«ሲስተምዲ ሰርቨሩን ጣለው» ከሚሉት አቤቱታዎች ብዙዎቹ ሲመረመሩ የሚገኘው የዩኒት ፋይል፣ ማለትም ሰርቪሱ እንዴት እንደሚነሣ ለሲስተምዲ የሚነግረው ፋይል፣ ስሕተት ነው። የተለመደውን እንይ። አፕሊኬሽኑ ዳታቤዝ ይፈልጋል ተብሎ «ሪኳየርስ» (ያስፈልገዋል) የሚለው ትእዛዝ ብቻ ይጻፋል። ይህ ቅደም ተከተል አይሰጥም፤ ሁለቱ እኩል ይነሣሉ፣ አፕሊኬሽኑ ዳታቤዙን ያጣና ይወድቃል። «ሪስታርት» (ሲወድቅ እንደገና ይነሣ) ቢታዘዝም በየ100 ሚሊሰከንዱ ስለሚሞክር፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሣ በኋላ ሥርዓቱ ተስፋ ይቆርጣል። መድኃኒቱ «አፍተር» (ከእሱ በኋላ ይነሣ) መጨመር፣ ከዚያ ሲስተምዲ ፋይሎቹን እንደገና እንዲያነብ ዴሞን ሪሎድ ማድረግ ነው። ዳታቤዙ በዩኒት ፋይሉ «ታይፕ» (ዓይነት) ላይ «ሲምፕል» ከተባለ ግን ገና ሲጀምር ዝግጁ ተብሎ ይቆጠራል፤ ፕሮግራሙ የሚችል ከሆነ፣ ዝግጁ ሲሆን ራሱ እንዲያሳውቅ «ኖቲፋይ» ይደረግ።

ከባዱ ጥያቄ የጥገኝነት ነው። ኖም የተባለው ዴስክቶፕ የተጠቃሚዎችን መግቢያ በሚያስተዳድረው የሲስተምዲ ክፍል፣ በሎግአይንዲ፣ ላይ ሲደገፍ፣ የማስነሻ ምርጫ የዴስክቶፕ ምርጫም ሆነ። ኢሎግአይንዲ ከሲስተምዲ ተነጥሎ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

የሊኑክስ ስርጭት የሆነው ዴቢያን ይህን ሁሉ አይቶታል። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. የቴክኒክ ኮሚቴው በሲስተምዲና አፕስታርት በተባለው ሌላ ማስነሻ መካከል 4 ለ 4 ተከፈለ፤ ሰብሳቢው በወሳኝ ድምፁ ለሲስተምዲ ፈረደ። (እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በዚያ ዕጣ አይቀናም።) በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ፓኬጆች (ስርጭቱ የሚያቀርባቸው ፕሮግራሞች) በአንድ ማስነሻ ብቻ እንዳይታሰሩ የቀረበው ሐሳብ በአባላት ድምፅ ሳያልፍ ቀረ፤ ሲስተምዲን የተቃወሙት ተገንጥለው ዴቩዋን የተባለውን ስርጭት መሠረቱ። የመጀመሪያ የተረጋጋ እትማቸው የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነበር። መገንጠሉን ማወጅ ቀላል ነው፤ ፓኬጅ እየጠገኑ መኖር ግን ዓመታት ይበላል። ሌሎቹ ስርጭቶች፣ አልፓይን ኦፕንአርሲ የተባለውን ማስነሻ፣ ቮይድ ደግሞ ራኒትን ይዘው የዘለቁት ስክሪፕቱን የሚጽፍ ሰው ስላላቸው ነው።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አማራጭ ማስነሻ ይደገፍ የምትሉ አባላት፣ ከሐሳባችሁ ጋር የጠጋኞቹን ስም፣ የሚሸፈኑትን ሰርቪሶች ዝርዝርና የሙከራ ማሽኑን አቅርቡ። ሲስተምዲ ብቻ ይሁን የምትሉም፣ ያለ እሱ የሚሠሩ አባላት ጥገና ሲልኩ ማን እንደሚመረምርላቸው ንገሩን። ለእያንዳንዱ ወገን 20 ደቂቃ ተመድቧል።

ጉባኤው ተከፍቷል።