ከዓይን ጀርባ ያለው ቧንቧ

የተከበራችሁ የስኳር ሕመምተኞች ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ሕመምተኛ አጅባችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ሙቀቱ ሳይበረታ እንድንጨርስ አሳጥራለሁ፤ ገንዘቡን ሒሳብ ሹማችን ያቀርበዋል።

እንደምታውቁት ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቧንቧ ሠራተኛ ነበርሁ። የድሬዳዋ ውኃ ኖራ ይበዛዋል፤ ከማንቆርቆሪያዋ ነጭ ቅርፊት ያልፋቀች የድሬ እናት የለችም። ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን ስንት ቧንቧ ቆርጬ፣ ውስጡ ጠብቦ የስክሪብቶ ቀፎ የሚያክል ቀዳዳ ብቻ ቀርቶት አይቻለሁ። ባለቤቱ ግን ውኃው እስኪቋረጥ ድረስ አልጠረጠረም።

እኔም እንደዚያ ባለቤት ሆኜ ተገኘሁ። ከሦስት ዓመት በፊት መነጽር ልቀይር ሄድሁ። ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ጣቴን እወጋለሁ፣ እግሬን እታያለሁ፤ ዓይኔን በጠብታ አስፍቶ ያየ ሰው ግን አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሐኪሙ ካየኝ በኋላ «አባባ፣ የደም ሥሮችዎ ማፍሰስ ጀምረዋል» አለኝ። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ «አንቱ» መባሌ ነው፤ በድሬ አንቱ የተባለ ሰው አንድ ነገር አለበት። የሚገርመው፣ በዚያ ሰዓት የባጃጅ ታርጋ ከመንገዱ ማዶ አነብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓይናችን በስተጀርባ ብርሃን የሚቀበል ስስ መጋረጃ አለ፤ ሬቲና ይባላል። ደም የሚያደርሱለት ሥሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ሥሮቹን ከውጭ አቅፈው የሚደግፉ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ግድግዳው ይደክምና እዚህም እዚያም እንደ ትንሽ ፊኛ ይነፋል፤ ፈሳሽና ስብ ያሰርጋል። ያፈሰሰ ቧንቧ ሲደርቅ ግድግዳ ላይ የሚተወውን ነጭ ታውቃላችሁ? ሬቲናም ላይ ቢጫ የስብ ነጠብጣብ ይቀራል። ፍሳሹ አያምም፣ አይቀላም፤ አጥርተን የምናይበትን መካከለኛ ቦታ እስኪነካ ድረስም አይታወቅም።

ከዚህ በኋላ የቧንቧ ምሳሌ አይሠራም። ቧንቧ ሲደፈን ዝም ይላል፤ ደም ያጣ ሬቲና ግን አዲስ ሥር እንዲበቅልለት መልእክት ይልካል። የሚበቅሉት ሥሮች ልፍስፍስ ናቸው፤ ተበጥሰው ዓይን ውስጥ ይደማሉ፤ ጠባሳቸውም ሬቲናውን ስቦ ሊያላቅቀው ይችላል። ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ጥቁር መጋረጃ ወርዶበት የሚነሣ ሰው የሚገጥመው ይህ ነው። በሠፈራችን ደግሞ «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል» እየተባለ ይጠበቃል። ሞራ ይገፈፋል፤ የሞተ ሬቲና ግን አይመለስም።

በጊዜው ለደረሰ ሰው የሌዘር ጨረር አለ፤ ያንን የተሳሳተ መልእክት የሚያፍን፣ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌም አለ። ደነገጣችሁ አይደል? እኔም ደንግጬ ነበር፤ ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል፣ ከጥርስ መነቀል ይቀላል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ስኳሩን መቆጣጠር ነው። በአሜሪካና በካናዳ ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውን 1,441 ሰዎች የተከታተለውና ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የወጣው ጥናት፣ ዓይናቸው ገና ባልተነካው ላይ ጥብቅ ቁጥጥር አደጋውን በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የደም ግፊታችሁንም አትርሱ።

ጉባኤውን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በአባልነት ደብተራችን ከመዋጮው ዓምድ ጎን የዓይን ምርመራ ቀን ዓምድ ይጨመር። ዓይነት ሁለት ያለበት ሕመሙ እንደታወቀ፣ ዓይነት አንድ ያለበት 5 ዓመት ሳያልፈው ይታይ፤ ከዚያ ሐኪሙ ሌላ ካላለ በየዓመቱ። ነፍሰ ጡር የሆነች አባላችን ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ። ጠብታው ለሰዓታት ዓይን ያደበዝዛል፣ የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ አባል አይኑር። ከከዚራ፣ ከመጋላና ከገንደ ቆሬ ሁለት ሁለት አጃቢ እንፈልጋለን። መዝገቡ በሩ አጠገብ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ስም አለ፤ ጃንጥላም አለኝ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ሒሳብ ሹም፣ መድረኩ ያንተ ነው።